ዓይን የሚወጋ የኤልኢዲ ዳሽቦርድን ለሌሊት መንዳት ማደብዘዝ

ከተማ ውስጥ፣ የመንገድ መብራት በሞላበት አስፋልት ላይ ማንም ልብ የማይለው የዳሽቦርድ ድምቀት ለገጣፎን አልፈው ወደ ሰንዳፋ፣ ወይም ከቡራዩ ወደ ሆለታ ሲወጡ ዓይን ላይ ይከብዳል። መንገዱ ጨለማ ነው። ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ እግረኛ፣ አንጸባራቂ የሌለው ጋሪ፣ የኋላ መብራቱ የጠፋ ባጃጅ ከሩቅ አይለይም። በዚህ ሰዓት ከመሪው ኋላ ነጭ ወይም ሰማያዊ ኤልኢዲ ቦግ ብሎ ከበራ ጉዳቱ ሁለት ነው፦ ዓይን ጨለማውን እንዳይለምድ ያደርጋል፤ የጌጁ፣ ማለትም የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያው፣ ምስልም በፊትና በጎን መስታወት ላይ እያንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳል።

እዚህ የምንናገረው በዋናነት የፋብሪካ አምፖላቸው ወጥቶ ኤልኢዲ ስለገባላቸው መኪኖች ነው፤ ዲኤክስ፣ ቆየት ያሉ ኮሮላዎች፣ ዶልፊን ሚኒባስና የመሳሰሉት። በቅርብ ዓመታት የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ካቻቢቴ አያስፈልጋቸውም። የስክሪናቸው ሜኑ በቻይንኛ ቢሆንም የፀሐይ ምልክት ያለበትን መስመር ፈልጉ፣ አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ በእጅ እስከ ታች አውርዱት፣ ነጭ ዳራ ካለው ወደ ጥቁሩ ቀይሩት፤ በቃ።

መጀመሪያ ቀለሙ

በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሴሎች በይበልጥ የሚነቁት 507 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊና አረንጓዴ መካከል በሚገኝ ብርሃን ነው። ከ620 ናኖሜትር በላይ ላለው ቀይ ብርሃን ግን እምብዛም አይነኩም። ስለዚህ ሰማያዊና ቀዝቃዛ ነጭ ኤልኢዲ ገበያ ላይ የሚያምረውን ያህል ሌሊት ላይ ይጎዳል። እርግጥ ነው፣ የራሱ የፊት መብራት በርቶ የሚነዳ ሰው ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ጨለማን አይለምድም፤ ለዚያ 30 ደቂቃ ያህል በድቅድቅ ጨለማ መቀመጥ ይጠይቃል። ያም ሆኖ ግማሽ መልመዱም ቢሆን እንዳይበላሽ መጠበቅ ይገባዋል።

ኤልኢዲ ገና ልትገዙ ከሆነ ሞቅ ያለ ነጭ፣ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የተጻፈበትን፣ ወይም ብርቱካናማውን ምረጡ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የጌጁን ፊት ተመልከቱ። ብዙ የቆዩ የጌጅ ሰሌዳዎች ከቁጥሩ ኋላ አረንጓዴ ማጣሪያ አላቸው፤ በአረንጓዴ ማጣሪያ ኋላ ቀይ ኤልኢዲ ብታስገቡ ብርሃኑ ታፍኖ ይቀራል፣ ቁጥሩም አይነበብም። በተቃራኒው ሰማያዊ ኤልኢዲ ቀዩን ጠቋሚ ቀስት ይበላዋል፤ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ቀይ ስለሌለ ቀስቱ ጥቁር መስሎ ይታያል። ሰው ፍጥነቱን ለማንበብ መብራቱን እያደመቀ የሚሄደው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ኤልኢዲ ዲመሩን ለምን አይታዘዝም?

የቆዩ መኪኖች ዲመር፣ ማለትም የዳሽቦርዱን ድምቀት የሚጨምረውና የሚቀንሰው ማዞሪያ፣ ብዙውን ጊዜ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው፤ ሲዞር ከረንትን የሚገታበት አቅም፣ በኦም የሚለካው፣ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የተሠራው ለክር አምፖል፣ ውስጡ ክር ላለው ለቀድሞው የፋብሪካ አምፖል ነው። ምሳሌ እንውሰድ። በሰሌዳው ውስጥ 3.4 ዋት የሆኑ 5 አምፖሎች ቢኖሩ እያንዳንዱ 0.24 አምፔር ይስባል፣ በድምሩ 1.2 አምፔር። ዲመሩ እስከ 10 ኦም ድረስ ቢሄድ የባትሪው ቮልት ግማሽ ያህሉ ዲመሩ ላይ ይቀራል። የክር አምፖል ደግሞ ቮልቱ በግማሽ ሲወርድ ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል።

አሁን 5ቱንም በኤልኢዲ ቀይሯቸው። እያንዳንዱ 20 ሚሊአምፔር ቢስብ ድምሩ 0.1 አምፔር ብቻ ነው። በዚያው 10 ኦም ላይ የሚቀረው ቢበዛ 1 ቮልት ነው። ሞተር ሲሠራ 13.8 ቮልት የነበረው 12.8 ሆነ ማለት ነው፣ ዓይን ይህን ልዩነት አያየውም። ዲመሩ አልተበላሸም፤ የሚይዘው ነገር አጣ እንጂ። ለዚህ ብላችሁ አዲስ ዲመር አትግዙ።

ሌላም ነገር አለ። የዓይን ስሜት ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አይሄድም። ብርሃኑን በግማሽ ብትቀንሱ ሰው «ትንሽ ቀነሰ» ነው የሚለው። በዓይን ግማሽ መስሎ እንዲታይ ከ8 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ መቅረት አለበት። በሬዚስተር የሞከሩ ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚተዉት እጅግ ትንሽ ኦም መርጠው ነው።

ያላችሁን መስመር ማወቅ

ምንም ከመቁረጣችሁ በፊት የዲመሩን ዓይነት ለዩ። ለዚህ ቮልትና ከረንት የሚለካ ቴስተርና አንድ ባለ 5 ዋት የክር አምፖል ከሶኬቱ ጋር ያስፈልጋል። አምፖሉ የግድ ነው፤ ያለ ጭነት ከለካችሁ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ከላይ እስከ ታች ብታዞሩት 12 ቮልት እያሳየ ያታልላችኋል።

ከሰሌዳው ላይ አንዱን የጌጅ መብራት አውጡና (አወጣጡ «ሰሌዳውን ማውጣት» በሚለው ሥር አለ) በቦታው የክር አምፖሉን አስገቡ፣ ወይም በሽቦ አስረዝማችሁ አያይዙ። የፓርኪንግ መብራቱን አብሩ፣ ቁልፉ ጠፍቶ ይሁን። የቴስተሩን ጥቁር ዘንግ ከመኪናው አካል፣ ማለትም ከማሳ ጋር አገናኙ። ቀዩን በአምፖሉ አንደኛው ጫፍ ከዚያም በሌላው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ በየተራ ዲመሩን አዙሩ።

በፖዘቲቩ ጫፍ ቮልቱ ከዲመሩ ጋር ከወጣና ከወረደ፣ ኔጌቲቩም ዜሮ ላይ ከቆመ፣ ዲመሩ በፖዘቲቭ በኩል ነው። ፖዘቲቩ 12 ላይ ቆሞ ኔጌቲቩ ዲመሩ ሲዞር ወደ ላይ ከወጣ ግን ዲመሩ ማሳውን ነው የሚቆጣጠረው። ብዙ ቶዮታዎች እንዲህ ናቸው። ይህን ሳያውቁ የኤልኢዲ ኔጌቲቭን በቀጥታ ከመኪናው አካል ጋር የሚያስሩ ሰዎች ዲመሩን ዘለውት ማለፋቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢያዞሩት ምንም ለውጥ አይመጣም። በቶዮታ አረንጓዴው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የፓርኪንግ መብራት ፖዘቲቭ፣ አረንጓዴ መስመር ያለው ነጭ ደግሞ የዲመሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ቢሆንም ቀለም ብቻ አምናችሁ አትቁረጡ፣ እዚህ አገር ያለ መኪና ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም።

ሦስተኛው ዓይነት መብራቱን በፍጥነት እያጠፋና እያበራ የሚያደበዝዘው ፒደብሊውኤም ነው። ዲመሩ መሃል ላይ ሆኖ የስልክ ካሜራ ስትደግኑበት ብርሃኑ በጥቁር መስመሮች የሚቆራረጥ ከሆነ ያ ነው። ይህ ዓይነቱ ኤልኢዲንም ያደበዝዛል፤ ችግሩ ዝቅተኛው ደረጃው ለክር አምፖል የተመረጠ ስለሆነ ለኤልኢዲ አሁንም ድምቅ ብሎ ይቀራል። ለእሱ ከታች ያለው የሬዚስተር ዘዴ ይስማማዋል።

የከባድ መኪና ሾፌሮች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኤፍኤስአርና ሲኖትራክ 24 ቮልት ናቸው፣ ሞተር ሲነሳ 28 ገደማ ይደርሳሉ። የ12 ቮልት ኤልኢዲ ለቅጽበት ደምቆ ይቃጠላል። ከታች ያሉት ስሌቶች በሙሉ ለ12 ቮልት ነው።

ቀላሉ መንገድ፦ ሁለት የክር አምፖል መልሶ መክተት

ዲመራችሁ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ከሆነ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ። በዚያው የዲመር መስመር ላይ ካሉት አምፖሎች ሁለቱን፣ ለምሳሌ የአየር ማስተካከያውንና የሲጋራ ማቀጣጠያውን፣ በ3.4 ዋት የክር አምፖል መልሷቸው። ሁለቱ 0.48 አምፔር ይስባሉ፤ ዲመሩም የሚይዘው ጭነት አገኘ። 10 ኦም ባለው ዲመር ላይ መስመሩ ወደ 9.7 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ሦስት ነጭ ቺፕ በተከታታይ የያዘ ተራ የኤልኢዲ አምፖል ደግሞ 9 ቮልት አካባቢ ላይ ነው መብራት የሚጀምረው። ስለዚህ ብርሃኑ ወደ ሰባተኛ እጁ ይወርዳል፣ ዲመሩም ከላይ እስከ ታች ይሠራል። ሽቦ አልተቆረጠም፣ ምንም አልተበየደም።

በክር አምፖሉ ፈንታ ጭነት ሬዚስተር እንዲጨመር የሚመክሩ አሉ። ቁጥሩን ስናየው አያዋጣም። የተለመደው 47 ኦም ባለ 10 ዋት 0.29 አምፔር ብቻ ስለሚስብ በ10 ኦም ዲመር ላይ መስመሩን ከ11 ቮልት በታች ብዙም አያወርደውም፤ 4 ዋት ሙቀት ግን ከፕላስቲክ ጋር ተጠግቶ ያመነጫል። ከሁለቱ አምፖሎች ጋር የሚወዳደር ውጤት ለማግኘት ኦሙን ዝቅ ባደረጋችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። አምፖሉ ግን ለሙቀት በተሠራ ሶኬት ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ይሠራል።

ሬዚስተር በተከታታይ

ዲመር ለሌለው፣ ወይም ፒደብሊውኤሙ ለማይበቃው መኪና ይህ ነው መፍትሔው።

በመጀመሪያ የመስመሩን ከረንት ለኩ። ወደ ሰሌዳው የሚገባውን የጌጅ መብራት ሽቦ ከሶኬቱ 10 ሴንቲሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁረጡና ቴስተሩን በመሃል አስገቡ። ቀዩን ዘንግ መጀመሪያ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ሰኩት፤ በሚሊአምፔሩ ቀዳዳ ከጀመራችሁና ከረንቱ ከበዛ የቴስተሩ ፊውዝ ይሄዳል። 100 ሚሊአምፔር አገኛችሁ እንበል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከ13.8 ቮልት ላይ የኤልኢዲዎቹን 9 ቮልት ቀንሱ፣ 4.8 ይቀራል። 4.8ን ለ0.1 ስናካፍል 48 ኦም፤ ይህ በአምፖሎቹ ውስጥ አስቀድሞ ያለው ነው። በዓይን ግማሽ እንዲመስል ከረንቱን ወደ ስምንተኛ እጅ፣ ማለትም ወደ 12.5 ሚሊአምፔር ማውረድ ይፈለጋል። 4.8ን ለ0.0125 ስናካፍል 384 ኦም። ከዚህ ላይ 48ቱ ሲቀነስ 336፤ ገበያ ላይ ያለው ቅርቡ 330 ኦም ነው።

የዋቱ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል። በተለመደው አሠራር ይህ ሬዚስተር 0.05 ዋት ብቻ ነው የሚሸከመው፣ ሩብ ዋቱ ይበቃ ነበር። ነገር ግን አንዱ አምፖል ሾርት ቢያደርግ ሙሉው 13.8 ቮልት እላዩ ላይ ያርፋል፤ ያኔ 0.58 ዋት ይሆናል፣ ሩብ ዋቱም ይቃጠላል። ስለዚህ 1 ዋት ግዙ። የዋጋ ልዩነቱ የሚወራበት አይደለም።

የእናንተ ቁጥር ከዚህ ምሳሌ ሊለይ ይችላል፣ የእያንዳንዱ ሰው ዓይንም ይለያያል። ስለዚህ ቋሚውን ከመበየድ በፊት በተለዋዋጭ ሬዚስተር መፈተን ይሻላል፦ 1 ኪሎ ኦም የሆነ፣ ሽቦ የተጠቀለለበት ባለ 2 ወይም 3 ዋት፣ ከእሱ ጋር በተከታታይ 100 ኦም ባለ 1 ዋት። የ100 ኦሙ ሥራ ተለዋዋጩን እስከ ዜሮ ስታዞሩት እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። ካርቦኑ ዓይነት፣ የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ላይ ያለው ትንሹ፣ ይህን ከረንት ለረጅም ጊዜ አይችልም። እነዚህ ዕቃዎች መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አይጠፉም፤ ካልሆነም በየሰፈሩ ያለ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ከአሮጌ ቦርድ ነቅሎ ይሰጣችኋል። አምፖልና ሶኬቱን ሶማሌ ተራ ታገኛላችሁ።

የሚስማማችሁን ቦታ ስታገኙ ተለዋዋጩን አውጥታችሁ በቴስተር ለኩት፣ 100 ኦሙን ደምሩና ቅርቡን ቋሚ ሬዚስተር በየዱ። ወይም ያንኑ ተለዋዋጭ ከመሪው በታች እጅ በሚደርስበት ቦታ ገጥማችሁ ተዉት፤ እንዲያውም ይህ ይሻላል። የእንጦጦ ጭጋግና የክረምት ዝናብ ቀን ላይ መብራት ያስበራል፣ በቋሚ ሬዚስተር የደበዘዘ ሰሌዳ ደግሞ በቀን ብርሃን አይነበብም። ተለዋዋጭ ካልፈለጋችሁ ከቋሚው ሬዚስተር ጎን ለጎን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አገናኙ፤ ሲዘጋ ከረንቱ ሬዚስተሩን ዘሎ ያልፋል፣ ሲከፈት ይደበዝዛል።

አንድ ሬዚስተር ለሁሉም አምፖል ሲሆን አንዳንዴ አንዱ ጌጅ ደምቆ ሌላው ጠፍቶ ይታያል። ምክንያቱ በአነስተኛ ከረንት የኤልኢዲዎቹ ልዩነት ጎልቶ መውጣቱ ነው፤ ከተለያየ ሱቅ የተለቃቀሙ አምፖሎች ላይ ይብሳል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ አምፖል የየራሱን ሬዚስተር መስጠት ነው። በዚህ ምሳሌ 330ን በ5 ስታበዙ 1650፣ ስለዚህ 1.5 ኪሎ ኦም፤ እዚህ ላይ ሩብ ዋት ይበቃል።

ውስጣቸው የከረንት መቆጣጠሪያ ቺፕ ያለባቸው «ስማርት» ተብለው የሚሸጡ አምፖሎች ግን ለሬዚስተር አይመቹም። የተወሰነ ቮልት ድረስ ያው ድምቀት፣ ከዚያ ድንገት ብልጭ ድርግም። ካጋጠማችሁ አምፖሉን ቀይሩ እንጂ ከስሌቱ ጋር አትታገሉ።

ዝግጁ የዲመር ሞጁል

ከሱቅ የሚገዛው የፒደብሊውኤም ሞጁል ማራኪ ነው፤ ከዜሮ እስከ መቶ ያዞራል። ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው፣ አብዛኞቹ ርካሽ ሞጁሎች የሚያቋርጡት ኔጌቲቩን መሆኑ ነው። የጌጅ ሰሌዳ ማሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለመብራቱም ለነዳጅና ለሙቀት ጌጁም አንድ ነው። ሞጁሉን በዚያ ማሳ ላይ ካስገባችሁ መብራቱ ሲደበዝዝ የነዳጁ ቀስት ይዋዥቃል፣ የሙቀቱም ይሳሳታል። የሞተር ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ እንዲዋሽ ማድረግ ለሞተር አደገኛ ነው። ስለዚህ ፖዘቲቩን የሚያቋርጥ ሞጁል ጠይቁ። ለመለየት፦ የሞጁሉ መግቢያ ኔጌቲቭና መውጫ ኔጌቲቭ በቴስተር ሲለኩ ከተገናኙ የሚያቋርጠው ፖዘቲቩን ነው።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። በሴኮንድ ከ200 ጊዜ በታች የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ዓይን ከመንገድ ወደ ጌጅ ሲዞር የነጠብጣብ ሰልፍ ያያል፤ ይህ ከድምቀቱ በላይ ያደክማል። 1000 ገደማ የሆነ ይመረጣል። ከገጠማችሁ በኋላ ሬዲዮኑን ከፍታችሁ ሸገር 102.1 ላይ አድርጉና ዲመሩን አዙሩ፤ የጥዝታ ድምፅ ከመጣ ሽቦዎቹን አሳጥሩ፣ ከአንቴናው ገመድም አርቋቸው። ካልጠፋ ሞጁሉን መልሳችሁ ወደ ሬዚስተሩ መዞር ነው።

ሰሌዳውን ማውጣት

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሞርሴቶ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍቱ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ቢጫ ሶኬቶችንም አትንኩ። መሪው የሚወርድ ከሆነ እስከ ታች አውርዱት፤ አካሉ እንዳይፋቅ ጨርቅ አልብሱት። ሽፋኑ በ2 ወይም በ3 ብሎንና በፕላስቲክ ጥርሶች ይያዛል፤ ፀሐይ ላይ የቆየ ፕላስቲክ በማለዳው ብርድ ስለሚሰበር ይህን ሥራ ሞቅ ባለ ሰዓት ሥሩ። ቀጥሎ የሰሌዳውን ብሎኖች ፈትታችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱ።

እንደ ዲኤክስ ባሉ የቆዩ መኪኖች የኪሎሜትሩ ገመድ ከኋላ ይይዛል። በኃይል አትሳቡት፤ እጅ አስገብታችሁ የፕላስቲክ መያዣውን ተጭናችሁ አላቅቁ። አምፖሎቹ ሩብ ዙር ወደ ግራ ሲዞሩ ይወጣሉ። ሶኬቶቹ የሚነኩት ስስ የመዳብ ፊልም ነው፤ በካቻቢቴ ጫፍ ከተቧጨረ ወይም የመበየጃ ካውያ ከነካው የሚጠገን አይደለም። ስለዚህ ሬዚስተር ፊልሙ ላይ አይበየድም፣ ከሶኬቱ ውጭ ባለው ሽቦ ላይ ነው። ጠቋሚ ቀስቶቹንም አትንቀሉ፤ አንዴ ከወጡ በትክክለኛው ቦታ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ዲጂታል ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ካላችሁ ደግሞ የራሱ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በዋናው መስመሩ ላይ ምንም አትጨምሩ።

መገጣጠሚያውን ከ30 እስከ 40 ዋት በሆነ ካውያ በየዱ፣ በሙቀት በሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ (ሽሪንክ) ሸፍኑት። ጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ መሸፈን የኮብልስቶን መንገድ ንዝረትን አይችልም፤ የዳሽቦርድ ሙቀትም የናስትሮውን ሙጫ ያቀልጠዋል። አዲስ መስመር ከፓርኪንግ መብራት ከወሰዳችሁ 1 አምፔር ፊውዝ አስገቡ። በብዙ መኪና ዳሽቦርዱና የኋላ መብራት የሚመገቡት ከአንድ ፊውዝ ስለሆነ፣ ፊውዝ የሌለው ሾርት በጨለማ መንገድ ላይ የኋላ መብራታችሁን ሊያጠፋባችሁ ይችላል፤ እናንተም አታውቁትም።

የማይነካው

የዘይት፣ የፍሬን፣ የኤርባግና የረጅም መብራት ምልክቶችን አታደብዝዙ፣ ፊልምም አትለጥፉባቸው። የቻርጅ ምልክቱ ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው። በብዙ ቆየት ባሉ መኪኖች ዲናሞው ሥራ የሚጀምረው በዚያ የክር አምፖል በኩል በሚያገኘው ትንሽ ከረንት ነው። በኤልኢዲ ከተተካ ከረንቱ ስለሚያንስ ዲናሞው ላይነሳ ይችላል፤ ባትሪው ቀስ በቀስ ያልቃል፣ ሰውም ዲናሞ ይቀይራል። ቀድሞ የተቀየረ ካገኛችሁ ወደ ክር አምፖል መልሱት።

ጥቁር የመስታወት ፊልም በሰሌዳው ፊት ላይ መለጠፍ ፈጣን ይመስላል፤ ግን ከጌጁ ጋር ማስጠንቀቂያዎቹንም ያጨልማል፣ ቀን ላይም ሰሌዳው ጥቁር ሆኖ ይውላል። ከፈለጋችሁ ትንሽ ቁራጭ በኤልኢዲው ራስ ላይ ብቻ አድርጉ።

ሲበላሽ

አንድ አምፖል ብቻ ካልበራ መቶ ሰማንያ ዲግሪ አዙራችሁ መልሱት፤ ኤልኢዲ አቅጣጫ ይመርጣል። ሲንቀጠቀጥ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ እግሮቹ ቀጭን ሆነው በሶኬቱ ውስጥ ላልተዋል፣ በፒንሳ ትንሽ ወጣ አድርጓቸው። መብራቱ ጠፍቶም ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ብርሃን ካለ አፍሳሽ ከረንት ነው፤ ከአምፖሉ ጎን ለጎን 1 ኪሎ ኦም ባለ ግማሽ ዋት አገናኙ። መሃሉ ደምቆ ዳሩ ጨለማ የሆነ ጌጅ ኤልኢዲው ፊት ለፊት ብቻ ስለሚያበራ ነው፤ በጎንም የሚያበራ ዓይነት ይግባ፣ ወይም የኤልኢዲውን ፕላስቲክ በ400 ወይም በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ አደብዝዙት።

ማስተካከያው የሚደረግበት ቦታ

ድምቀቱን ጋራዥ ውስጥ ወይም ከተማ መሃል አታስተካክሉ፤ እዚያ ትክክል የመሰለው ውጭ ይወጋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ከመንገድ መብራት ራቅ ያለ፣ መኪና ከመንገድ ወጥቶ በደህና የሚቆምበት ቦታ ፈልጉ፤ አንድ ነዳጅ ማደያ አልፎ ያለ ጨለማ ሜዳም ይሆናል። አጭር መብራቱን አብርታችሁ፣ ስልካችሁን አጥፍታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ዲመሩን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አምጡት፤ ከላይ ወደ ታች ካወረዳችሁት ዓይን በድምቀቱ ስለተበላሸ ቀድሞ ታቆማላችሁ። ፍጥነቱ በአንድ ዕይታ ሲነበብ ወዲያው አቁሙ። በጎን መስታወቱ ላይ የጌጁ ምስል አሁንም ከታየ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ።

ሥራው ሲያልቅ የጨመራችሁትን ኦምና ዋት በወረቀት ጽፋችሁ ከሽቦው ጋር በግልጽ ሽሪንክ አሽጉ። ነገ ዳሽቦርዱን የሚፈታው ሌላ ኤሌክትሪሻን ሬዚስተሩን የተበላሸ ዕቃ መስሎት ቆርጦ እንዳይጥለው።